የእንጆሪን ተባይ በተፈጥሮ ጠላቱ መከላከል የማኅበር ሥራ ነው

በሆለታ፣ በቢሾፍቱና ለአዲስ አበባ ገበያ ቅርብ በሆኑ ሌሎች አካባቢዎች በመስኖ የሚለማው እንጆሪ በጥቂት መሬት ላይ ለብዙ ወራት የሚለቀም፣ ገበያውም የማይርቅ ሰብል ነው። እንጆሪ ሲባል በአጥርና በወንዝ ዳር የሚበቅለውን፣ እረኛ እየለቀመ የሚበላውን ባለ እሾሁን ማለት አይደለም፤ በመደብ ላይ የሚተከለውንና መሬት ለመሬት ሐረግ እየሰደደ የሚራባውን የፈረንጅ እንጆሪ ማለት ነው። ይህን ተክል የያዘ ገበሬ ዝናቡ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ለቀማና ገንዘብ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከለቀማው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ቀድሞ የሚደርስ ተባይ አለ። እርሱም ቀይ ሸረሪት፣ በአበባ እርሻዎች የሚሠሩ ሰዎች «ማይት» እያሉ የሚጠሩት ነው።

ቀይ ሸረሪት ከስፒል ራስ የሚያንስ፣ ስምንት እግር ያለው፣ በቅጠሉ ጀርባ ተሸሽጎ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ነው። መጀመሪያ በቅጠሉ ፊት ላይ ነጫጭ ነቁጦች ይታያሉ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ የነሐስ መልክ ይይዛል፤ ሲብስ ደግሞ ስስ ድር ያደራበታል፤ ፍሬው እያነሰ፣ ተክሉም እየጫጨ ይሄዳል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ እስከ 100 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አየሩ ሲሞቅ ከእንቁላል ተነስቶ ለአካለ መጠን ለመድረስ ከ8 እስከ 12 ቀን ይበቃዋል። በመሆኑም በኅዳር በአንድ ጥግ ጥቂት ተክሎች ላይ የታየ ተባይ በጥር ማሳውን ቢያዳርስ የሚያስደንቅ አይሆንም። ከመንገድ የሚነሳ አቧራ፣ የውኃ ጥምና ከልክ ያለፈ ዩሪያ ደግሞ ይበልጥ ያመቻቹለታል።

ተባዩ በታየ ጊዜ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። ገበሬው ወደ ከተማ ወርዶ ማላታዮን ወይም ፓይሬትሮይድ ከሚባሉት ወገን የሆነ መድኃኒት ይገዛል፤ የጀርባ መርጫውን አንግቦ ማሳውን ያዳርሳል። ለጥቂት ቀናት ተባዩ የቀነሰ ይመስላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከበፊቱ ብሶ ይገኛል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ ደክሟል» ይባላል፤ ወይም ነጋዴው አጭበርብሯል ተብሎ ይታማል። ከዚያም መጠኑ ይጨመራል፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ይበጠበጣል። የሚያጭበረብር ነጋዴ የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም የብዙው ውድቀት መነሻ ነጋዴው አይደለም፤ ርጭቱ ራሱ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? አንደኛ ነገር፣ ቀይ ሸረሪት መድኃኒትን በመላመድ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ተባዮች ግንባር ቀደሙ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ከ90 በላይ የሆኑ የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮችን ተቋቁሞ ተገኝቷል። ሁለተኛውና ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ርጭቱ ከተባዩ አስቀድሞ የሚፈጀው የተባዩን ጠላቶች መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ የእንጆሪ መደብ ላይ ተባዩን እየበሉ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ተባዩ በቅጠሉ ጀርባና በድሩ ውስጥ ተሸሽጎ ሲተርፍ፣ እነርሱ ምግብ ፍለጋ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲዘዋወሩ መርዙን ይረግጣሉ። ከተረጨው መድኃኒት የተረፈው ተባይ ከዚያ በኋላ ከልካይ የለበትም።

ይህ ግምት ሳይሆን በእንጆሪ ማሳ ላይ የተፈተነ ነገር ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ካርል ሃፋከር የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌላ የእንጆሪ ማይት ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። በአንዳንዶቹ መደቦች ላይ ፓራታዮን የተባለውን መድኃኒት ረጩ፤ ይህ መድኃኒት ተባዩን ሳይጎዳ ተባዩን የሚበሉትን ብቻ የሚገድል ስለሆነ የተመረጠ ነው። በሌሎቹ መደቦች ላይ ምንም አልረጩም። ያልተረጩት መደቦች ተባዩን በዝቅተኛ ቁጥር ይዘው ሲቆዩ፣ የተረጩት በተባይ ተወረሩ። በአንድ መሬት፣ በአንድ ዝርያ፣ በአንድ ውኃ ላይ የታየው ልዩነት የመጣው ተባዩን የሚበሉት በመኖራቸውና ባለመኖራቸው ብቻ ነው።

እንጆሪ ከሌሎች ሰብሎች የሚለይበት አንድ ነገር ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። ፍሬው ሲደርስ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ካልተለቀመ ይበሰብሳል። በብዙ የፀረ ተባይ መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ደግሞ ከርጭት በኋላ እስከ ለቀማ 7፣ አንዳንዴም 14 ቀን መጠበቅ እንዳለበት ተጽፎ ይገኛል። ገበሬው መግለጫውን ያክብር ቢባል ሁለት ሦስት ለቀማ መሬት ላይ ሊጥል ነው። አላከብርም ካለ ደግሞ መርዝ የነካውን ፍሬ ገበያ ያወጣል። እንጆሪ እንደ ድንች አይላጥም፣ እንደ ጎመን አይቀቀልም፤ እንዳለ ነው የሚበላው፣ የሚወደውም ከሁሉ ይልቅ ሕፃን ነው። የሚለቅሙትም አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ፣ በእጃቸው የሚነኩት ትናንት የተረጨውን ቅጠል ነው። በመግለጫውና በለቀማው መካከል ያለው ይህ ግጭት በምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም። ርጭቱን አላስፈላጊ የሚያደርግ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ከቺሊ ወደ ጀርመን ከመጡ የኦርኪድ አበቦች ጋር አብሮ የገባ አንድ ማይት ተገኘ፤ ስሙም ፊቶሲዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል። ይህ ፍጡር ራሱ ማይት ሆኖ ሳለ ተክል አይነካም፤ ምግቡ ቀይ ሸረሪት ብቻ ነው። መልኩ ብርቱካንማ ቀይ፣ ቅርጹ የሸክላ ጠብታ የመሰለ፣ ከተባዩ በጥቂቱ ከፍ ያለ፣ እግረ ረጅምና ፈጣን ነው። አንዱ በቀን እስከ 20 የሚደርሱ የተባዩን እንቁላሎች ወይም 5 ያህል አዋቂዎችን ይበላል። አየሩ መጠነኛ ሲሆን ከእንቁላል እስከ አዋቂነት የሚወስድበት ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሆነ ከተባዩ ይልቅ ፈጥኖ ይራባል። በኔዘርላንድ ያን ኮፐርት የተባሉ ኪያር አምራች በ1967 እ.ኤ.አ. ይህን አዳኝ ማይት በመስታወት ቤታቸው ተጠቅመው ውጤቱን ካዩ በኋላ እያራቡ ለሌሎች አምራቾች መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ በካሊፎርኒያ የእንጆሪ ማሳዎች ላይ አዳኝ ማይት መልቀቅ የተለመደ የእርሻ ሥራ ሆኗል።

የሚያስገርመው ግን ይህ አዳኝ ዓይን የሌለው መሆኑ ነው። ታዲያ ተባዩን እንዴት ያገኘዋል? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማርሴል ዲክና ሞሪስ ሳቤሊስ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በቀይ ሸረሪት የተነካ ተክል ጤነኛ ተክል የማያወጣውን ሽታ ያወጣል፤ አዳኙም ያን ሽታ ተከትሎ ይደርሳል። ለገበሬው ይህ ትርጉም አለው። አዳኙ በመላው ማሳ እኩል መበተን አያስፈልገውም፤ ተባዩ በታየበት አካባቢ ከተለቀቀ ቀሪውን ራሱ ይፈልጋል።

ይህ ሲባል ግን አዳኝ ማይት በማናቸውም ጊዜና ቦታ የሚሠራ ነው ማለት አይደለም። ብዙ የተነገረለት ነገር ሁሉ በገበሬው ማሳ ላይ ሲደርስ የሚከሽፍበት ምክንያት ስለሚኖር፣ ድክመቱ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ የአዳኙ እንቁላል ይጨማደዳል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አዳኙ ይደክማል፣ ተባዩ ግን ይበረታል። ስለዚህ ለሆለታ ደጋ የሚስማማው ዘዴ በስምጥ ሸለቆ ቆላ ላይ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ሙቀትና ድርቀትን የሚችል፣ ተባዩ ሲጠፋም የአበባ ብናኝ እየበላ የሚቆይ ኒዮሴይዩለስ ካሊፎርኒከስ የተባለ ሌላ አዳኝ አለ፤ ለእንደዚህ ያለው ስፍራ የሚመረጠው እርሱ ነው። መደቡን በገለባ መጎዝጎዝና መስኖውን በወቅቱ ማጠጣት በቅጠሉ ሥር ያለውን እርጥበት ስለሚጠብቅ ለአዳኙም ለተክሉም ይበጃል።

ትልቁ እንቅፋት ግን መዘግየት ነው። ማሳው ድር ካደራበት በኋላ አዳኝ መልቀቅ ጎርፍ ቤት ከገባ በኋላ ቦይ እንደመቆፈር ነው። ለተባዩ አሥር ያህል አንድ አዳኝ ቢለቀቅ ይበቃል ተብሎ የሚታሰበው ተባዩ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዝናቡ መውጣት ጀምሮ በየሳምንቱ የቅጠሉን ጀርባ በእጅ ማጉያ መነጽር ማየት ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመነጽሩ ሥር የሚሮጠው ሁሉ ተባይ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄደው፣ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ በጎኑ ያለበትና እንቁላሉ ድቡልቡል የሆነው ተባዩ ነው። ፈጥኖ የሚሮጠው፣ ነጠብጣብ የሌለበትና እንቁላሉ ሞላላ የሆነው አዳኙ ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ወዳጁን አይቶ «ተባዩ በዛ» ብሎ መርጫውን ሊያነሳ ይችላል።

ቀድሞ የተረጨ ማሳም ወዲያውኑ አዳኝ አይቀበልም። የፓይሬትሮይድ ቅሪት በቅጠል ላይ ሆኖ አዳኝ ማይትን እስከ 8፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሳምንት ሊጎዳ ይችላል። በሌላ በኩል ሳሙና በውኃ በጥብጦ መርጨት የነካውን ቢገድልም ቅሪት አይተውም። ተባዩ ከበዛ አስቀድሞ አሮጌና ክፉኛ የተነካ ቅጠል ነቅሎ ማቃጠል፣ የሳሙና ውኃ በቅጠሉ ጀርባ መርጨት፣ ከዚያም ቅጠሉ ሲደርቅ አዳኙን መልቀቅ ይቻላል።

አዳኙ ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በኬንያ በናይቫሻና በቲካ አካባቢ የሚገኙ ድርጅቶች ለአበባና ለአትክልት እርሻዎች እነዚህን ፍጥረታት ሲያራቡ ዓመታት አስቆጥረዋል። በኢትዮጵያም የጽጌረዳ እርሻዎች በመድኃኒት ያልበገሩትን ቀይ ሸረሪት በዚሁ አዳኝ ማይት መከላከል ከጀመሩ ቆይተዋል። የጽጌረዳውና የእንጆሪው ቀይ ሸረሪት አንድ ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ ከአገር የራቀ አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ ከገበሬው ማሳ በአጥር ብቻ ተለይቶ ይገኛል። በእነዚህ እርሻዎች ተቀጥረው ማይት ሲቆጥሩና አዳኝ ሲለቁ የኖሩ የገበሬ ልጆችም ጥቂት አይደሉም። የማኅበር መሪዎች ባለሙያ ከሩቅ ከመጠበቃቸው በፊት በቀበሌያቸው ውስጥ ይህን ሥራ የሚያውቅ ወጣት መኖሩን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሆኖም አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም። አዳኙ ሕያው ዕቃ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ ከመጋዝ ብናኝ ወይም ከመሰለው ነገር ጋር ተደርጎ ሲመጣ በቀዝቃዛ ስፍራ ተቀምጦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማሳ ላይ መድረስ አለበት። አንድ ጠርሙስ ብዙ ሺህ ሊይዝ ስለሚችል ለጥቂት መደቦች ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ሕያው ፍጡር ያለ መንግሥት ፈቃድ ስለማይገባ፣ ማዘዙም በአስመጪ ወይም ፈቃድ ባለው አካል በኩል ይሆናል። ይህ ሁሉ የኅብረት ትዕዛዝን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ማሳዎቹ የተያያዙ ናቸው። አንዱ አዳኝ ለቆ ሳለ ጎረቤቱ በነፋስ ሰዓት መርዝ ከረጨ የመጀመሪያው ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። የመስኖ ውኃ ተራ በማኅበር እንደሚወሰን ሁሉ፣ የርጭቱም ጉዳይ በማኅበር ካልተወሰነ በቀር የአንዱ ጥረት በሌላው ግዴለሽነት ይፈርሳል።

ይህ ዓይነቱ የጋራ ውሳኔ በአነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ የማይቻል አለመሆኑን የአርባ ምንጭ አካባቢ ጥጥ አምራቾች አሳይተዋል። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ባስተባበረው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት፣ ጥጥ አምራቾቹ ተባዩንና የተባዩን ጠላቶች በማሳ ላይ እየቆጠሩ መወሰንን ተምረዋል። ከቢራ እርሾ ተረፈ ምርት የሚዘጋጅ ምግብ በጥጡ ላይ በመርጨትም ተባይ በላ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው ስበዋል። ይህ የምግብ ርጭት አዳኝ ማይትን አያመጣም፤ ስለዚህ ለቀይ ሸረሪት መፍትሔ ነው ብሎ መናገር ስሕተት ይሆናል። የሚያስተምረው ነገር ግን አለ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬም ቢሆን በማጉያ መነጽር ወዳጅን ከጠላት መለየት ይችላል።

ሌላም ምስክር አለ። የአሜሪካው ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን ሲያጠፋ፣ ተመራማሪዎች ማንም ያልለቀቃት ጥገኛ ተርብ በትሉ ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች እንደምትገድለው አዩ። በአንዳንድ ስፍራ ከሦስት ትሎች ከአንድ በላይ የሚሆኑት በዚህች ተርብ ተይዘው ተገኝተዋል። በአገሩ ማሳ ያለ ክፍያ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሠራዊት ካለ፣ የመጀመሪያው ተግባር ሌላ መግዛት ሳይሆን ያለውን አለመግደል ነው።

የእንጆሪ ሌሎች ተባዮችም የየራሳቸው ጠላት አላቸው። ክሽክሽን ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛና ልጆቿ፣ ንብ የምትመስለው ዝንብ ትሎችና ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ይበሉታል። ክሽክሽ አንዳንዴ በርጭት ካልተነካ በሳምንታት ውስጥ በእነዚሁ ሊጠፋ ይችላል። በአበባው ውስጥ ለሚደበቀው ትሪፕስ ሌላ ዓይነት አዳኝ ማይት አለ። ቀንድ አውጣና ወፍ ግን በነፍሳት የሚመለሱ አይደሉም፤ እነርሱን በእጅ መልቀምና መረብ መዘርጋት ነው።

ጊዜው የሚወሰነው በተባዩ እንጂ በማኅበሩ የስብሰባ ቀን አይደለም። መስከረም ሳያልቅ የእንጆሪ አምራቾች ተሰብስበው ሦስት ነገር ቢወስኑ በጋው ሳይገባ ይደርሳሉ። የመጀመሪያው፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት በእንጆሪ መደብ ላይ ሁሉን ገዳይ የሆነ መድኃኒት ማንም ያለ ማኅበሩ ዕውቀት እንዳይረጭ ነው። ሁለተኛው፣ በየሳምንቱ ከየማሳው ቅጠል እየለቀሙ በማጉያ መነጽር የሚቆጥሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መመደብ፣ ቁጥሩንም በመዝገብ ማስፈር ነው። ሦስተኛው፣ አዳኙን ማዘዝ ያስፈለገ እንደሆነ ገንዘቡ እንዴት እንደሚዋጣ ነው።

ከሦስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው። በመደብ ብዛት ይዋጣ ቢባል ተባዩ ገና ያልደረሰበት ገበሬ «የሌላውን ማሳ ልፈውስ?» ማለቱ አይቀርም። ተባይ በታየበት ብቻ ይክፈል ቢባል ደግሞ ሁሉም ተባዩን ደብቆ ዝም ይላል፤ ሲገለጥም ጊዜው ያልፋል። በመስኖ ቦይ ጠረጋ ላይ ይህን የመሰለ ክርክር ገጥሟቸው መላ ያበጁ ማኅበራት አሉ፤ ውኃው ከማን ማሳ ቀድሞ እንደሚያልፍ ሳይታይ ሁሉም በያዘው መሬት ልክ ጉልበት እንዲያወጣ አድርገዋል። ለአዳኝ ማይት መዋጮም ከዚህ የተሻለ መላ እስኪገኝ ድረስ ይኸው መንገድ ሊሞከር ይገባል፤ ሁለትና ሦስት መደብ ብቻ ያላቸው ባልቴቶችና ወጣቶች በመዋጮው እንዳይገፉ ግን የማኅበሩ መሪዎች አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይሻላል።